አቶም ከአቶም ሲተሳሰር

አፋሮች ከአሳሌ ሐይቅ ዳርቻ እየጠረቡ በግመል ጭነው ወደ ትግራይ ደጋ የሚልኩት፣ ድሮ አሞሌ ተብሎ እንደ ገንዘብ ይመነዘር የነበረው ጨው ከሁለት ክፉ ነገሮች የተሠራ ነው። አንዱ ሶዲየም ነው፤ በቢላ የሚቆረጥ፣ ውሃ ሲነካው የሚንጣጣ ለስላሳ ብረት። ሌላው ክሎሪን ነው፤ በ1915 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኢፕር ግንባር ላይ ወታደሮችን የፈጀው ቢጫማ አረንጓዴ ጋዝ። ሁለቱ ሲገናኙ ወጥ ያጣፍጣሉ። አቶሞቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው የኤሌክትሮኖቻቸው አቀማመጥ ብቻ ነው።

በትምህርት ቤት የተነገረን ምክንያት አጭር ነበር፤ አቶም የውጨኛውን ሼል በስምንት ኤሌክትሮን መሙላት ይፈልጋል፣ ሶዲየም አንድ ይተርፈዋል፣ ክሎሪን አንድ ይጎድለዋል፣ ስለዚህ ይሰጣጣሉ። ሐሳቡን በ1916 ያስፋፉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጀርመናዊው ዋልተር ኮሰል በኤሌክትሮን መስጠትና መቀበል የሚፈጠረውን አዮናዊ ቦንድ አስረዳ። አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ ደግሞ ሁለት አቶሞች ጥንድ ኤሌክትሮን በጋራ ሊይዙ እንደሚችሉ ጻፈ፤ ይህንን ኢርቪንግ ላንግሚዩር በ1919 ኮቫለንት አለው።

የስምንቱ ደንብ ለሒሳብ መያዣነት ጥሩ ነው። እንደ ምክንያት ሲቀርብ ግን ተማሪን ያሳስታል፤ አቶም ፍላጎት የለውም። ቁጥሩን እንየው። ከአንድ ሞል የሶዲየም አቶሞች ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎጁል ይጠይቃል፤ ክሎሪን ሲቀበለው የሚመልሰው 349 ብቻ ነው። ልውውጡ ብቻውን 147 ኪሎጁል ያከስራል ማለት ነው። ኪሳራውን የሚሸፍነው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሆኑት አዮኖች ተሰባስበው በረድፍ ሲደረደሩ የሚወጣው ወደ 787 ኪሎጁል የሚጠጋ ኃይል ነው። ጨውን ያስገኘው ድርድሩ ነው።

ዊልያም ብራግና ልጁ ሎውረንስ በ1913 በኤክስሬይ ያዩትም ይህንኑ ነበር። እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን፣ እያንዳንዱ ክሎሪንም በስድስት ሶዲየም ተከቧል፤ ተነጥሎ የሚቆጠር የጨው ሞለኪውል የለም። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ ግን ይህ አልተዋጠለትም፤ በ1927 እንኳ በኔቸር መጽሔት ላይ ይሟገት ነበር። ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈልገው ከዚህ ጥብቅ ድርድር የተነሳ ነው። ክሪስታሉን በመዶሻ ቢመቱት ረድፉ ሸርተት ይልና ተመሳሳይ ቻርጆች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ይገፋፋሉ፤ ጨዉ ይሰነጠቃል። ወርቅና መዳብ ላይ እንዲህ አይሆንም። የብረታ ብረት የውጭ ኤሌክትሮኖች የማንም ሳይሆኑ በአቶሞቹ መካከል ስለሚዘዋወሩ ረድፉ ቢንሸራተትም መያያዙ አይቋረጥም፤ አንጥረኛው ወርቁን እየቀጠቀጠ የሚያሳሳው፣ መዳብም ሽቦ ሆኖ መብራት የሚያስተላልፈው በዚህ ነው።

ጥንድ ኤሌክትሮን መጋራት ለምን እንደሚያስተሳስር ሉዊስ ሊያስረዳ አልቻለም፤ መልሱ ኳንተም ሜካኒክስን መጠበቅ ነበረበት። በ1927 ዋልተር ሃይትለርና ፍሪትዝ ሎንዶን የሁለት ሃይድሮጅን አቶሞችን ትስስር አሰሉ። ኤሌክትሮኖቹ በሁለቱ ኒውክለሶች መካከል ሲበዙ ሁለቱንም ይስባሉ፤ በጣም ሲቀራረቡ ደግሞ ኒውክለሶቹ ይገፋፋሉ። ሚዛኑ የሚቆመው 74 ፒኮሜትር ላይ ነው፤ አንድ ሞል ለመበጠስ 436 ኪሎጁል ይጠይቃል። ሦስት ጥንድ የሚጋሩት የናይትሮጅን አቶሞች 945 ይጠይቃሉ። አየሩ 78 በመቶ ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ሰብል የሚራበው በዚህ ምክንያት ነው። የማዳበሪያ ፋብሪካ ይህን ቦንድ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ሲበጥሰው፣ በባቄላና በአተር ሥር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን በአፈር ሙቀት ይበጥሱታል። ገበሬ ስንዴን ከባቄላ ጋር ማፈራረቁ ከኬሚስትሪ መጽሐፍ በፊት የታወቀ ብልሃት ነው።

በመስጠትና በመጋራት መካከል ግንብ የለም። ላይነስ ፖሊንግ በ1932 አቶሞች ኤሌክትሮን ወደ ራሳቸው የሚጎትቱበትን አቅም በቁጥር ማስቀመጥ ጀመረ፤ በኋላ በጸናው መለኪያው ፍሎሪን 4፣ ኦክስጅን 3.5፣ ሃይድሮጅን 2.1፣ ሶዲየም 0.9። ልዩነቱ በሰፋ መጠን መጋራቱ ወደ መስጠት ያዘነብላል። በውሃ ውስጥ ኦክስጅን አብልጦ ስለሚጎትት የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክስጅን ይይዛል። ይህ የሃይድሮጅን ቦንድ ጥንካሬው ከዋናው ቦንድ አንድ ሃያኛ ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን እሱ ባይኖር ኖሮ ውሃ ከዜሮ በታች ይፈላ ነበር። የቅርብ ዘመዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በ60 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ድስት በ92 ዲግሪ አካባቢ ሲንተከተክ የሚበጠሱት እነዚህ ደካማ መያያዣዎች ናቸው፤ የውሃው ሞለኪውል ራሱ አይነካም።

የስምንቱ ደንብ ራሱ የተፈተነው በ1962 ነው። እንደ ዜኖን ያሉት ጋዞች ስምንታቸው ስለሞላ ከማንም አይዋሃዱም ይባል ነበር። በካናዳ ያስተምር የነበረው ኒል ባርትሌት ግን ፕላቲኒየም ሄክሳፍሎራይድ ከኦክስጅን ሞለኪውል ላይ ኤሌክትሮን ሲነጥቅ አየ፤ ከዚያም ከኦክስጅንና ከዜኖን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚጠየቀው ኃይል እኩል ሊባል የሚችል መሆኑን ከሰንጠረዥ አነበበ። ቀዩን የፕላቲኒየም ሄክሳፍሎራይድ ጋዝና ቀለም የለሹን ዜኖን ሲያገናኛቸው ወዲያው ብርቱካንማ ቢጫ ጠጣር ተፈጠረ። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ዜኖንን በቀጥታ ከፍሎሪን ጋር አዋሃዱት። ኤሌክትሮኖቹን ይበልጥ አጥብቆ የሚይዘው ኒዮን ግን እስካሁን በተለመደ ሁኔታ የሚጸና ውህድ አልተገኘለትም።