ለቤት የተቀመጠው ብር የማን ነው?

ረመዳን ሲገባ ዘካቸውን ሊያሰሉ ከሚመጡ ወንድምና እህቶች ብዙዎቹ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፤ «ለቤት መግዣ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ዘካ አለበት?» አለበት። 85 ግራም ወርቅ የሚያወጣ ገንዘብ አንድ የሂጅራ ዓመት ከሞላው፣ ለምንም ይታሰብ፣ ከመቶው ሁለት ብር ከሃምሳ ይወጣለታል።

የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡ በእርግጥ የእርስዎ ነው? 12 ሰው ባለበት ወርሃዊ ዕቁብ በሦስተኛው ወር የደረሰው ሰው ብሩን ባንክ ሲያስገባው ቁጠባ ይመስለዋል። የዘጠኝ ወር ዕቁብ ግን ገና መጣል አለበት፤ ያ ዕዳ ነው። የሱቅ ዱቤ አለ፣ ከዘመድ የተወሰደ ብድር አለ። ያልተከፈለ መህርም አለ፤ ብዙ ባል ይህን ከዕዳ አይቆጥረውም። የባለቤትዎ ወርቅም የእርሷ ነው፤ ካልፈቀደች ለቅድመ ክፍያ አይሸጥም።

ዕዳ ከዘካ ሂሳብ ይቀነሳል ወይ በሚለው ሐነፊዎችና ሻፊዒዮች ይለያያሉ፤ በመዝሀብዎ ዓሊም ይጠይቁ። ዕዳውን መክፈል ላይ ግን ልዩነት የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ጥሎ በሞተ ሰው ጀናዛ ላይ የሰገዱት አቡ ቀታዳ ዕዳውን ከተረከቡ በኋላ ነው። አበዳሪው ጊዜ ከሰጠዎት ግን ቀኑን ጽፋችሁ ተፈራረሙና ቁጠባዎን ይቀጥሉ።

በሙራበሃ ባንኩ ቤቱን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥልዎታል። ወለድ የለበትም፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን ዕዳ ነው። ከመፈረምዎ በፊት በክፍያውና በአሁኑ ኪራይዎ መካከል ያለውን ልዩነት ለስድስት ወር ለብቻው እያስቀመጡ ይሞክሩት። ከስድስቱ አንዱ ረመዳን ቢሆን ይመረጣል፤ የኢፍጣሩና የዒዱ ወጪ ያለበት ወር ነውና።