የጓሮ ክፍል ስትሠሩ ጣሪያው ምን ያህል ከፍ ይበል?

ወላይታ ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ ትንሽ ባዶ ጓሮ ያለው ሁሉ ክፍል መጨመር ያምረዋል። አንዱ ለኪራይ፣ አንዱ ለተዳረ ልጅ፣ አንዱ ደግሞ ከገጠር ለሚመጡ እናትና አባት ይሠራል። ስለ ርዝመቱና ስለ ስፋቱ ቤተሰቡ በሙሉ ይከራከራል፤ ቁመቱን ግን ለአናጺው እንተወዋለን፤ እሱም ባለው እንጨት ልክ ይቆርጣል። በነርስነት ቤት ለቤት ስዞር ሕመምተኛን ሲያስቸግር ያየሁት ግን ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ ነው።

በቅርቡ አንድ ጎረቤቴ ሁምቦ የሚኖሩ እናቱን ሊያመጣቸው ሦስት በአራት ሜትር የሆነች ክፍል ጀመረ። እናቱ ሰባን አልፈዋል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። «ሲስተር፣ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ጠራኝ። ጣሪያው ወደ ኋላ የሚያዘነብል ነው። የኋላው ግድግዳ 2 ሜትር፣ የፊቱ 2.40፣ በሩ ደግሞ 1.75 ሆኖ ታቅዷል። አናጺው «ለእማማ ምን አነሳቸው?» አለኝ። እውነትም እማማ ረጅም አይደሉም። ነገር ግን የክፍል ቁመት በባለቤቱ ቁመት ብቻ አይለካም።

በውጭ አገር በመኪና የሚጎተት ትንሽ የመኝታ ተሳቢ ለሽርሽር የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የእነሱም ትልቁ ክርክር ይኸው ነው፦ ውስጡ ተቀምጠን ይብቃን ወይስ ቆመን እንንቀሳቀስ? ጣሪያው ከፍ ካለ ነፋስ ይይዘዋል፣ መኪናውም ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ዝቅ አድርገው ይሠሩትና ለማብሰልም ለመልበስም ወደ ውጭ ይወጣሉ። ለሁለት ሌሊት ይቻላል። አንዲት እናት ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበት ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው።

እስቲ እንቁጠር። አልጋው ከነፍራሹ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቀና ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ከፍራሹ በላይ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ድምሩ 1.40 ነው። ስለዚህ አልጋው በዝቅተኛው በኩል ቢሆን ጭንቅላት አይመታም። (ለልጅ ልጆች ተደራራቢ አልጋ የምታሠሩም ይህችን 90 ሳንቲ ሜትር ያዙ፤ ከላይ የሚተኛው ልጅ ጣሪያውን በግንባሩ እየመታ ሲነሳ አይቻለሁ።) አጎበር ሲጨመር ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በአገራችን በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ለወባ የተጋለጠ ነው፤ የሁምቦና የዱጉና ፋንጎ ቆላ ሰው ይህን ያውቀዋል። አጎበር ብዙ ጊዜ 1.50 ሜትርና ከዚያ በላይ ቁመት አለው። ጣሪያው ዝቅ ካለ ረግቦ በተኛው ሰው ገላ ላይ ይወድቃል፤ ትንኝም ከጨርቁ ጋር የተጣበቀውን ቆዳ ከውጭ ሆና ትነድፋለች።

በሩ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ አዛውንት ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ሊያዞረው ይችላል። ጉበኑን ለማምለጥ አንገቱን ሲደፋ ደግሞ ደፉ ያደናቅፈዋል። የዳሌ አጥንት ስብራት የሚጀምረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሰው ታሞ በቃሬዛ ይውጣ ቢባል ደግሞ ተሸካሚዎቹ በ1.75 በር ጎብጠው ነው የሚያልፉት። ለበር ከ2 ሜትር በታች አልስማማም፤ 2.10 ቢሆን ደስ ይለኛል።

የድሮው የወላይታ ሣር ቤትም በሩ ዝቅተኛ ነበር፤ ውስጡ ግን ከፍ ያለ ነው። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ መሐል ቀስ እያለ ይወጣል። የጋሞዎቹ ዶርዜዎች ደግሞ የቀርከሃ ቤታቸውን መጀመሪያ በጣም አስረዝመው ይሠሩታል፤ ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ስለሚያጥር ቁመቱ እንደ ቁጠባ ነው። ቆርቆሮ ጭስ አያሳልፍም፣ ከሰዓት በኋላም እንደ ምጣድ ይግላል። ዝቅ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ ክፍል ከሣር ቤቱ የወረሰው ዝቅተኛውን በር ብቻ ነው። ኮርኒስ ሙቀቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን እሱም ከቁመቱ ላይ ይወስዳል፣ 2 ሜትር ግድግዳ ላይ ምን ይቀራል?

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት፣ ከፍ ያለ ጣሪያና ሰፋፊ መስኮት ያላቸው የቆዩ ክፍሎች ከአዳዲሶቹ የተሻለ አየር እንደሚያንሸራሽሩ አሳይቷል። ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልብ በሉ፣ መስኮቱም አብሮ አለ። «ጣሪያችን ከፍ ያለ ነው» ብሎ በክረምት ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ሞት ነው። የከሰሉ መርዝ ሽታ የለውም፣ ከክፍሉ አየር ጋር ይቀላቀላል እንጂ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም።

ወጪውንስ? ከጎረቤቴ ጋር ተቀምጠን አሰላነው። የአራቱ ግድግዳ ዙሪያ 14 ሜትር ነው። ሁሉንም በ40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርግ 5.6 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይጨምራል። ይህም በ40 በ20 ብሎኬት ወደ 70 ፍሬ ነው፤ ሲሚንቶና አሸዋው ሳይረሳ። ጣሪያው ግን ያው ነው፣ አንድ ቆርቆሮ አይጨምርም። አናጺው ነፋስን አነሳ፤ እውነት አለው፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ከግድግዳው ጋር በደንብ መታሰር አለበት። በመጨረሻ ኋላው 2.40፣ ፊቱ 2.80፣ በሩ 2.10 እንዲሆን ተስማሙ። ገንዘቡ የተገኘው የበረንዳው ሊሾ ለከርሞ እንዲቆይ በመደረጉ ነው። እማማ በረንዳውን አሁኑኑ ፈልገውት ነበር፤ ትንሽ አኩርፈዋል።

ዝቅ ያለ ክፍል ቀድሞ የሠራችሁ፣ ወለሉን ቆፍራችሁ ቁመት ለማግኘት አትሞክሩ፤ በክረምት ጎርፍ ይገባባችኋል። ይልቅ በሩን አስፍቶ ጉበኑን ከፍ ማድረግ፣ ከጣሪያው ሥር በሁለት ወገን የአየር መውጫ ከፍቶ ትንኝ በማያሳልፍ ወንፊት መሸፈን ይቻላል። የእሳት ማንደጃውም ወደ ውጭ ማዕድ ቤት ይውጣ።