ሰፊውን ተራራ በጠባቡ ሌንስ

ካርቱም ተራራ የላትም ማለት ይቻላል። ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ሜዳ ናት። ዓይን የሚያርፍበት ነገር ቢፈለግ ከኦምዱርማን በስተ ሰሜን የከረሪ ኮረብቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1898 የማህዲስቶች ጦር በእንግሊዝና ግብፅ ጦር የተሸነፈበት ስፍራ ነው። በደቡብ ደግሞ ጀበል አውሊያ አለ። ደገኛ ሰው ሁለቱንም ተራራ ለማለት አፉ አይደፍርም። የተራራ ፓኖራማ ለመማር ግን ከኢትዮጵያ የሰሜን ተራሮች ይልቅ እነዚህን እመርጣለሁ፤ የሌንስ ምርጫ ስህተትን ወዲያው ያጋልጣሉና።

አብዛኛው ሰው ሰፊ ነገር ፊቱ ሲዘረጋ ዋይድ ሌንስ ይገጥማል። ከረሪን በ24 ሚሊሜትር ያነሳ ሰው 74 ዲግሪ ስፋት ያገኛል፤ የሚወጣው ፎቶ ግን ከታች አሸዋ፣ ከላይ ሰማይ፣ መሃል ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ነው። ተራራው ያቺ መስመር ናት! ስለዚህ ጠበብ ያለ፣ 50 ወይም 85 ሚሊሜትር ሌንስ ይገጠማል፤ ካሜራው በቁሙ ይያዝና አድማሱ ከዳር እስከ ዳር በየተራ ይነሳል። በሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር በቁም ሲያዝ 27 ዲግሪ ያያል። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው አንድ ሦስተኛውን ከደገመ፣ ለ180 ዲግሪ 10 ፎቶ ይበቃል።

ድግግሞሹ የሚያስፈልገው ሶፍትዌሩ በሁለቱ ፎቶዎች ላይ ያሉትን ተመሳሳይ ነጥቦች ፈልጎ ስለሚያገጣጥም ነው። ደመና የሌለበት የካርቱም ሰማይ ለዚህ አይመችም፤ የሚያዝ ምልክት የለውም። በየፎቶው ውስጥ ዐለት፣ ግራር ወይም የቤት ጣሪያ መግባት አለበት።

ብርሃኑም፣ ፎከሱም፣ ዋይት ባላንሱም በማኑዋል ይቆለፉ። ካሜራው በየፎቶው ራሱ ከወሰነ ሰማዩ የተጣጣፈ ይመስላል። ፖላራይዘር ካለ ይውለቅ፤ ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ ያለውን ሰማይ ብቻ አጥቁሮ ፓኖራማው ላይ ጥቁር ጉማጅ ይተዋል። ረጅም ሌንስ የሙቀቱንም መርገብገብ ያጎላዋል፤ ረፋዱ ካለፈ ከረሪ በውሃ ውስጥ እንዳለ ይዋልላል፣ ሥራው የማለዳ ነው። ሃቡብ፣ ያ የአቧራ ግንብ፣ የተነሳ ቀንማ ካሜራን ከቦርሳ አለማውጣት ነው።

ካርቱም ውስጥ ፎቶ ማንሳት ድሮም ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ ድልድይና የጦር ሰፈር ክልክል ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከተማዋን ለቀው በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ወጡ። ከጎንደር ወደ ሰሜን ሲኬድ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ወዲያ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ነው። እዚያ ችግሩ ይለወጣል።

3,926 ሜትር ከፍታ ባለው እሜት ጎጎ አጠገብ ጅብራ፣ ከሥሩ ገደል፣ ማዶ ሌላ የተራራ ሰንሰለት አለ። አንድ ዓይን ጨፍኖ አውራ ጣትን ፊት ለፊት አቁሞ ራስን ማዞር ነው፤ ጣቱ ከኋላው ካለው ነገር ጋር ቦታ ይቀያየራል። ካሜራም እንዲሁ ነው፤ አካሉን ይዘው ካዞሩት ጅብራው ሁለት ቦታ ይቆረጣል። ስለዚህ ካሜራው ትሪፖዱ ላይ ወደ ኋላ ተስቦ መዞሪያው በሌንሱ ውስጥ ብርሃን በሚገባበት ክፍት ሥር እንዲውል ይደረጋል። ከረሪ ላይ ቅርብ የሆነ ነገር ስለሌለ በእጅ ይዞ ማንሳትም ያስኬዳል። በሰሜን ደመና ከገደሉ ሲወጣ ፈጣን ነው፤ አሥሩም ፎቶ በአንድ ትንፋሽ መነሳት አለበት።

ማገጣጠሙ ሃጊን በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይቻላል። ለ180 ዲግሪ ሲሊንደራዊው አዘረጋግ ይመረጥ፤ ቀጥታው ጠርዞቹን ይለጥጣል፣ 180 ላይም ጨርሶ አይደርስም። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በዚህ መንገድ 26,000 ፒክስል ገደማ ስፋት ያለው ምስል ይሰጣል፤ በ300 ዲፒአይ ሲታተም 2.2 ሜትር ርዝመት፣ ቁመቱ ደግሞ ጠርዙ ከተከረከመ በኋላ ግማሽ ሜትር የማይሞላ።