ሁመር፦ የሕንድ ያልሆነው «የሕንድ ተምር»

እኛ በቂርያት ጋት የቅርስ ትምህርት ተማሪዎች ስለ አንድ የማይታወቅ ፍሬ እንድንጽፍ ተሰጠን። ከገበያ ጥቁር፣ የሚያጣብቅና በጣም የሚኮመጥጥ ፍሬ ገዛን። በዕብራይስጥ «ታማር ሂንዲ» ይባላል፤ የሕንድ ተምር ማለት ነው። እኛም «የሕንድ ፍሬ ነው» ብለን ጻፍን። በወልቃይት ቆላ ያደጉት የአንዷ ጓደኛችን አያት ግን ቀምሰው «ልጆቼ፣ ይህማ ሁመር ነው!» አሉን። ጽሑፋችንን እንደገና ጀመርን።

አያታችን ልክ ነበሩ። ሁመር ሕንድም አይደለም፣ ተምርም አይደለም። የትውልድ ቦታው የአፍሪካ ቆላ ሲሆን ወደ ሕንድ የተሻገረው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ስሙን ያወጡለት ዐረቦች ናቸው። በኢትዮጵያ በተከዜና በአባይ ሸለቆዎች ይበቅላል። ዛፉ ትልቅና ጥላው ሰፊ ነው፤ ፍሬው እንደ ባቄላ ረዘም ባለ ቡናማ ቅርፊት ውስጥ ይገኛል። ደጋ ስለማይስማማው ከደጋ የመጡ ወላጆች ላያውቁት ይችላሉ።

ሱዳኖች «አርዴብ» ይሉታል፤ በውሃ በጥብጠው ይጠጡታል። አያታችን በ1984 እ.ኤ.አ. በእግር ሱዳን ሲደርሱ ጥማቸውን የቆረጡት በእርሱ እንደነበር ነገሩን። ስለዚያ መንገድ ለልጅ ልጃቸው ሲያወሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፍሬው ለብ ባለ ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል፤ በእጅ ታሽቶ በወንፊት ይጠለላል፤ ማር ወይም ስኳር ይጨመርበታል። ኮምጣጣ ያደረገው በወይን ውስጥም የሚገኘው ታርታሪክ አሲድ ነው። ስለዚህ የነሐስና የመዳብ ዕቃ ለመወልወልም ያገለግላል። ከሶርያ ከሐለብ ከተማ የመጡ አይሁድ ወጣቸውን ያኮመጥጡበታል። የሆድ ድርቀትንም ያለሰልሳል፤ ሲበዛ ግን ያስቀምጣል። በጠርሙስ የሚሸጠው ብዙ ስኳር ስላለበት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ይጠይቅ።

ውድ ወላጆችና ሽማግሌዎች፣ እኛ ፍሬውን ከገበያ ልንገዛ እንችላለን፤ ስሙንና ታሪኩን ግን የምናገኘው ከእናንተ ብቻ ነው። እኛ ባንጠይቅ እንኳ ንገሩን። የተሳሳትነው ካለ አርሙን።