«ዙር ጨምር፣ ኃይል ይጨምራል» ያላችሁ ማነው?

ሥራ አቁሜ ነው የምጽፈው፤ ደሜ ፈልቷል። አንድ ልጅ ከወንዝ ዳር የሠራውን ዲናሞ ይዞልኝ መጣ። ልፋቱ ያኮራል። ኮይሎቹን ግን እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ሞልቷቸዋል። ቴስተር ሲደቀንበት ቮልቱ ሽቅብ ይወጣል፣ አምፑል ሲገናኝ ድርግም! «ቪዲዮው ላይ ዙር በበዛ ቁጥር ኃይል ይበዛል ብለዋል» አለኝ።

1. ዙር ሲበዛ የሚጨምረው ቮልት ነው። ኃይል የሚመጣው ከሚያዞረው ውሃ ወይም ንፋስ ነው።

2. ኮይሉ የሚያርፍበት ቦታ የተወሰነ ነው። ዙሩን እጥፍ ካደረግህ የሽቦው ስፋት በግማሽ መቀነስ አለበት። ስፋት ስል ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየውን ክብ ፊት ነው፤ የ1 ሚሊ ሽቦ ግማሽ 0.5 ሳይሆን 0.7 ነው (ይህን እንኳ የሚያምታቱ «ባለሙያዎች» አሉ)። ርዝመቱ እጥፍ፣ ስፋቱ ግማሽ ሲሆን ሬዚስታንሱ 4 እጥፍ ይሆናል። ቮልቱ የጨመረው 2 እጥፍ ብቻ ነው። የቮልቱን ካሬ ለሬዚስታንሱ አካፍሉት፦ 4 ለ4። ከኮይሉ ሊወጣ የሚችለው ትልቁ ኃይል ንቅንቅ አላለም!

ዙሩን የሚወስነው ባትሪህና ፍጥነትህ ነው። መጀመሪያ 10 ዙር ብቻ ጠቅልል፣ ውሃው በሚያዞርበት ፍጥነት አዙር፣ ለካ። ለ12 ቮልት ባትሪ ከዲዮዱ በኋላ 14 ገደማ ያስፈልግሃል፤ ዲዮዶቹ ራሳቸው 1.4 ያህል ይበላሉ። ከዚያ የሚያስፈልግህን ቮልት አንድ ዙር ለሚሰጥህ ቮልት ማካፈል ነው። ሽቦ የሚገዛው ከዚህ በኋላ ነው።

3. ጅማሬና መጨረሻ። በ9 ኮይልና በ12 ማግኔት 1ኛው፣ 4ኛውና 7ኛው ተቀጣጥለው አንድ ፌዝ ናቸው። አንዱ ከተገለበጠ 1+1−1፤ ከቮልቱ ሲሶው ብቻ ይተርፍሃል። ደግሞ ቫርኒሹን ፋቁ እንጂ! መዳቡ እስኪያበራ ድረስ። ቫርኒሽ ላይ የተጣለ ስታኞ የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ልጁ ቴክኒክና ሙያ ጨርሷል። ፋራዴይ በ1831 ያገኘውን ሕግ ለሲኦሲ ፈተና ሸምድዶ በቃሉ ይወጣዋል። ማይክሮሜትር ግን በእጁ ይዞ አያውቅም። የጥቅለላ ማሽን የላችሁም ወይ ብለው «አለ፣ እንዳይበላሽ ተቆልፎበታል» አለኝ። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል አሉ። ለማን ነው የተገዛው? ከዚያ ልጆቹ ከቪዲዮ ተማሩ ብለን እንወቅሳለን።

ስለ ቪዲዮ ካነሳን፦ ሞተር ዲናሞውን የሚያዞርበት፣ ዲናሞው መልሶ ሞተሩን የሚመግብበት «ነፃ መብራት» የሚባለውን አትላኩልኝ። ጭነት ሲበዛበት ዲናሞ ይከብዳል፤ የሚያዞረው ነገር ያንን ይከፍላል፣ በዚያ ላይ ደግሞ በሙቀት የሚባክን አለ። ጠረጴዛው ሥር የተደበቀውን ገመድ ፈልጉ። እዚህ ቻናል ላይ ከለጠፋችሁት አጠፋዋለሁ።