ሐርላን የሠሩት ግዙፎች አልነበሩም

ድሬ ያደገ ሰው ይህን ወሬ ያውቀዋል። ከከተማችን ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐርላ ውስጥ ያሉትን ትላልቅ ድንጋዮች ተራ ሰው አያነሳቸውም፤ ግዙፎች ናቸው ያነሷቸው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል እዚያ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ መገኘቱን ሲያስታውቁ፣ በቁፋሮ የወጣው አፅም የግዙፎቹን ታሪክ ውድቅ እንዳደረገው ተናገሩ። ሰዎቹ እንደ እኛው ነበሩ።

ወገቤን ከታመምኩ አራት ዓመት ሆኖኛልና ዜናው ደስ ይለኛል። ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከመው እንደኔው ያለ ወገብ ነው ማለት ነዋ!

በሰፈራችን ወገቡን ለሚያመው ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ "ተኛ፣ ከባድ ነገር እንዳትነካ።" የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ህመም የአካል ብቃት እንቅስቃሴን ይመክራል። እነዚያን በየፋርማሲው የሚሸጡ የወገብ ቀበቶዎችስ? እነሱን አይመክርም። የኤምአርአይ ውጤት አይታችሁ የደነገጣችሁም ካላችሁ ይህን ስሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንደሚለው፣ ምንም ህመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ 30 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው ወጣ ያለ ነው።

የኔ ጂም ቢጫ ጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚህ የተሻለ ሚዛን የት ይገኛል? በ5 ሊትር ጀመርኩ። ጀሪካኑን ወንበር ላይ አስቀምጬ (ከመሬት ማንሳት የመጣው በኋላ ነው) ዳሌዬን ወደ ኋላ እገፋለሁ፤ ልክ እጃችሁ ዕቃ ይዞ በሩን በመቀመጫችሁ እንደምትዘጉት። ጉልበቴን ትንሽ አጥፌ፣ ጀርባዬን ሳላጎብጥ፣ ጀሪካኑን ወደ ሰውነቴ አስጠግቼ እነሳለሁ። ስምንት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ግማሽ ጀሪካን ውስጥ ውኃው ወዲያ ወዲህ ይላልና ቀስ ማለት የግድ ነው።

ሊትር የምጨምረው በማግስቱ ጠዋት ወገቤን ጠይቄ ነው። ስሠራ ትንሽ ቢሰማኝ ችግር የለውም፤ በማግስቱ ከወትሮው ከባሰ ግን ውኃውን እቀንሳለሁ። ህመሙ ወደ እግሬ መውረድ ከጀመረ ያን ቀን አበቃ።

የድሬ ሙቀት የራሱ ጣጣ አለው። ሁሉም በጠዋት መሥራት ይፈልጋል፤ ዲስክ ግን ሌሊቱን ፈሳሽ ስቦ ስለሚያድር፣ ከእንቅልፍ በተነሳን በመጀመሪያው ሰዓት ጎንበስ ማለት ይበልጥ ይጫነዋል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ በእግሬ እዞራለሁ፣ ቁርስ እበላለሁ፣ ጀሪካኑ ከዚያ ይደርሳል። በርጫ ላይ ደግሞ አምስት ሰዓት ተቀምጦ መዋል ለኔ ከ10 ሊትር ይከብዳል። በየግማሽ ሰዓቱ ስነሳ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ጀሪካን የማይፈታው ነገርም አለ። ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ በጭናችሁ መሃል ከደነዘዛችሁ ወይም እግራችሁ ከሰነፈ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። የወገብ ህመሙ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣም ሐኪም ይያችሁ፤ ቲቢ አከርካሪንም ይይዛል፣ መድኃኒትም አለው።

እኔ አሁን 14 ሊትር ላይ ነኝ። 15ኛው ለቅዳሜ ነው፣ ወገቤ ከፈቀደ።