የጦርነት አሻራ በጋሞ ምድር፦ ከገረሴ እስከ አርባ ምንጭ

በጋሞ የጦርነት ታሪክ ከሐውልት ይልቅ በመንደር አቀማመጥ ይነበባል። ከገረሴና ከቦንኬ ደጋ አንሥቶ እስከ ጨንቻ ድረስ የጥንቱ ሰው ተራራውን የመረጠው ለአየሩ ብቻ አልነበረም፤ ከላይ ሆኖ የሚመጣውን ለማየት ጭምር እንጂ።

ለዚህ ኦቾሎን የሚያህል ምስክር የለም። መንደሩ ገደል አፋፍ ላይ፣ በቋጥኝ መካከል የተሠራ ሲሆን አባያ ሐይቅ ከሥሩ ተዘርግቶ ይታያል። በ1960ዎቹ ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር የሕዝቡን የሸንጎ ሥርዓት ያጠናው እዚሁ ነው። ሸንጎው የሚቀመጥበት አደባባይ ዱቡሻ ይባላል። በጋሞ ጠብም ዕርቅም የሚመከረው በዱቡሻ ስለሆነ፣ የጦርነት ቦታ ቁጠር ብባል ከምሽግ በፊት እሱን አስቀድማለሁ።

ወላይታ በ1887 ዓ.ም. ለምኒልክ ጦር ከወደቀ በኋላ ጋሞም ብዙ ሳይቆይ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ነፍጠኛና ገባር የሚባል ሥርዓት ተተከለ፤ ጨንቻም የገዥዎች መቀመጫ ሆነች። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማነቷን ለአርባ ምንጭ የለቀቀችው በ1950ዎቹ ነው።

ጋሞ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር በገባበት ዘመን ጣሊያኖች በካርታ ይመጡ ነበር። ቦተጎ የተባለው ጣሊያናዊ አሳሽ አባያን በንግሥታቸው ስም ማርገሪታ ብሎ ጠራው፤ ነገሩ የሆነው በ1888 ዓ.ም.፣ ጣሊያን አድዋ ላይ በተሸነፈችበት ዓመት መሆኑ ያስገርማል። ጎረቤቱ ጫሞ ሐይቅም ሩስፖሊ ተብሎ ነበር። ሁለቱም ስሞች በአሮጌ ካርታዎች ላይ ቀርተዋል።

በ1928ቱ የጣሊያን ወረራ የጋሞ ጎፋ ጦር በደጃዝማች አበበ ዳምጠው መሪነት ኦጋዴን ድረስ ዘምቷል። ስለዚህ የዚህ ምድር የጦርነት ታሪክ ከፊሉ የሚገኘው ከጋሞ ውጭ፣ በረሃ ላይ ነው። በወረራው ዘመን አካባቢው ጅማን ዋና ከተማው ባደረገው የጋላና ሲዳማ ግዛት ውስጥ ተጠቃለለ።

የነፃነቱ ውጊያ ደግሞ ለሐይቆቹ ቅርብ ነበር። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ኮሊቶ፣ የዛሬዋ ሃላባ ቁሊቶ፣ ላይ የእንግሊዝ ጦር ባልደረባ ሳጅን ናይጀል ሊኪ የጣሊያን ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ሠራተኞቹን በሽጉጥ መታ። ሌሎች ታንኮችን ሲያሳድድ ቀረ፤ የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳይ የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው። የውጊያው ቀጠና ወንዝ ብላቴ ሲሆን የሚገባውም አባያ ውስጥ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ወላይታ ሶዶ ተያዘች።

የቅርቡ ምዕራፍ አርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አሜሪካ ሶማሊያን ለመቃኘት ሰው አልባ አውሮፕላኖቿን ከዚያ ታስነሣ እንደነበር በ2004 ዓ.ም. በይፋ ታወቀ፤ ጣቢያው በ2008 ተዘግቷል። ቱሪስቱ አዞ ሊያይ የሚያርፍበት አስፋልት ያው መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ጥቃት የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። አባቶች የተንበረከኩበት መንገድ ምልክት ሊቆምለት ይገባል።

የገረሴና የቦንኬ አዛውንቶች ከአባቶቻቸው የሰሙትን የዘመቻ ወሬ፣ እዚያ የተወለዳችሁ ልጆች በስልካችሁም ቢሆን ዛሬውኑ ቅረጹት።